ያመለጡን ኦሊምፒኮችና ያመለጥነው ክኒን

የሮም ኦሊምፒክ በተነሣ ቁጥር ለእኛ የሚታየን አንድ ምሽት ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዓመቱ የመጨረሻ ቀን፣ አበበ ቢቂላ በችቦ ብርሃን መካከል በባዶ እግሩ እየሮጠ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር የገባበት ምሽት። ከዚያ ምሽት 15 ቀን አስቀድሞ በዚያው ከተማ የሆነውን ግን ከእኛ ወገን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቀት የ100 ኪሎ ሜትር የቡድን ብስክሌት ውድድር በሚካሄድበት ሰዓት ክኑድ የንሰን የተባለ የ23 ዓመት ዴንማርካዊ ከብስክሌቱ ላይ ወደቀ፤ በዚያው ዕለትም ሞተ። አሠልጣኙ ደም ቧንቧን የሚያሰፋ ሮኒኮል የተባለ መድኃኒት ለልጆቹ ሰጥቶ እንደነበር ተናገረ። ወጣቱን የገደለው መድኃኒቱ ነው፣ ፀሐዩ ነው፣ ወይስ ሲወድቅ ጭንቅላቱን መመታቱ? ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። ያላከራከረው ነገር፣ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ የሕክምና ኮሚሽን አቋቁሞ ስፖርተኛን መመርመር እንዲጀምር ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱ የዚህ ልጅ ሞት መሆኑ ነው።

እንግዲህ የእኛ የኦሊምፒክ ክብርና የስፖርት መድኃኒት ቁጥጥር ታሪክ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሰሞን ተፀነሱ ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ለብዙ ዓመታት መንገድ ላይ ሲተላለፉ ኖሩ። የተላለፉበትን ምክንያት ብዙ ጊዜ ለራሳችን የምንነግረው በጨዋነታችን አሳብበን ነው። ነገሩ ግን እንደዚያ አይመስለኝም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከሮምም በፊት ነው። ቴስቶስትሮን የተባለው የወንዴ ሆርሞን በቤተ ሙከራ የተሠራው በ1935 ሲሆን፣ ለዚህ ሥራቸው ቡተናንትና ሩዚችካ የተባሉት ሊቃውንት በ1939 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ሆርሞኑ ሁለት ሥራ አለው። አንዱ ወንድን ወንድ ማድረግ ነው፤ ጢሙን፣ ድምፁን፣ ዘሩን። ሌላው ጡንቻን መገንባት ነው። የመድኃኒት ቀማሚዎች ምኞት የመጀመሪያውን ቀንሶ ሁለተኛውን ማስቀረት ነበር። ስቴሮይድ እየተባሉ የሚጠሩት የጡንቻ መድኃኒቶች የዚህ ምኞት ልጆች ናቸው። ሁለቱን ሥራ ፈጽሞ መለየት ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልተሳካም።

ክኒኑን ወደ ስፖርት ካስገቡት ሰዎች መካከል ስሙ የሚጠራው ጆን ዚግለር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። በ1954 ቪየና ላይ በተደረገው የዓለም የክብደት ማንሣት ሻምፒዮና ከአሜሪካ ቡድን ጋር ሄዶ ሳለ፣ ሶቪየቶቹ ለልጆቻቸው ቴስቶስትሮን እንደሚሰጡ ሰማ። ጊዜው የቀዝቃዛው ጦርነት ነበርና ሰምቶ ዝም አላለም። ሲባ የተባለው ኩባንያ በ1958 ዳያናቦል የተባለውን ክኒን ለገበያ ሲያወጣ፣ ዚግለር ለሚያውቃቸው ክብደት አንሺዎች በልክ እየመጠነ መስጠት ጀመረ። እነሱ ግን ልኩን አልጠበቁም። አንድ ክኒን ይህን ያህል ካፋፋ አሥር ቢውጡት ምን ሊሆን ነው አሉ። ሐኪሙ በኋላ ባደረገው ነገር አጥብቆ ተጸጸተ። በራሱም ላይ ሞክሮት ነበርና በልብ ሕመም ሲሠቃይ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ሙከራ እንደሆነ ያምን ነበር። በ1983 ልቡ ደክሞ ሞተ። የስቴሮይድን ታሪክ ሲጽፉ ብዙዎች ይህችን ነገር በአንድ መስመር ያልፏታል፤ ለእኔ ግን የታሪኩ እንብርት እዚህ ላይ ነው።

በ1968 ሜክሲኮ ላይ ምርመራ ተጀመረ። ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ባሸነፈበት በዚያ ኦሊምፒክ በምርመራ ተይዞ የተቀጣው አንድ ስዊድናዊ ብቻ ነው፤ ሽጉጥ ከመተኮሱ በፊት እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ሁለት ቢራ ጠጥቶ ነበር። ሰውየው ሜዳሊያውን ከነጓዶቹ መለሰ። ስቴሮይድ የዋጠ ግን ማንም አልተያዘም፤ ምክንያቱም በሽንት ውስጥ ስቴሮይድን የሚያገኝ ምርመራ ገና አልተፈጠረም። ቢራ ጠጪው ሲቀጣ ክኒን ዋጩ በሰላም ወደ አገሩ ተመለሰ።

ምርመራው የተገኘው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። ኦሊምፒክ ኮሚቴው ስቴሮይድን በ1975 ከለከለና በማግሥቱ ዓመት ሞንትሪያል ላይ መፈተሽ ጀመረ። 8 ሰዎች ተያዙ፤ 7ቱ ክብደት አንሺዎች ነበሩ። ኢትዮጵያ እዚያ አልነበረችም። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ አፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ በመሄዱ አፍሪካውያን አድመው ቀርተው ነበር። ምሩፅ ይፍጠር በጉልበቱ ሙሉ ጊዜ ላይ ሳለ ያን ውድድር በሬዲዮ የሚሰማ ሰው ሆነ።

ከሞንትሪያል ሜዳሊያ አፍሳ የተመለሰችው ምሥራቅ ጀርመን ናት። ይህች አገር ለእኛ ሩቅ አይደለችም፤ ኢፋ የጭነት መኪናዎቿን የላከችልን፣ መሪዋ ኤሪክ ሆኔከር በ1979 አዲስ አበባ መጥቶ የተቀበልነው ወዳጅ ነበረች። በ1974 መንግሥቷ በምስጢር ባወጣው ዕቅድ መሠረት ኦራል ቱሪናቦል የተባለውን ስቴሮይድ በሺህ ለሚቆጠሩ ስፖርተኞች በመንግሥት ወጪ አደለች። ከሚውጡት መካከል ገና ያልጎረመሱ ዋናተኛ ልጃገረዶች ነበሩበት። የተነገራቸው ቪታሚን ነው ተብሎ ነበር። ግንቡ ከፈረሰ በኋላ የስታዚ መዝገብ ተከፈተና ነገሩ ወጣ፤ በ2000 በርሊን ላይ የስፖርቱ ሹም ማንፍሬድ ኤቫልድና ሐኪሙ ማንፍሬድ ሆፕነር ተፈረደባቸው። ቅጣቱ ግን ገደብ ነበርና አንድም ቀን አልታሰሩም። የደርግ መንግሥት ከዚህች አገር የደኅንነት ሙያ ጭምር የተማረ ሲሆን፣ ክኒኑን አለመማሩ ከጥበብ ይሁን ከድህነት አንባቢ ይፍረድ።

በ1980 ሞስኮ ላይ ግን ነበርን። ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ 10,000ውንም 5,000ውንም አሸነፈ። እዚህ ላይ ብዙ ያልተነገረላት ታሪክ አለች። በ10,000 ሜትር ከምሩፅ ኋላ ሁለተኛ፣ በ5,000 ደግሞ ሦስተኛ የወጣው ፊንላንዳዊው ካርሎ ማኒንካ ነበር። ይህ ሰው ከውድድሩ በፊት ደም ተጨምሮለት እንደሮጠ በኋላ በገዛ አፉ ተናዘዘ። በጊዜው በሕግ አልተከለከለም ነበርና ሜዳሊያው አልተነካም። ምሩፅ ያሸነፈው እንግዲህ ማኒንካን ብቻ ሳይሆን ማኒንካንና ተጨማሪ ደሙን ነው። በሞስኮ አንድም ሰው በምርመራ ተያዘ አልተባለም። ይሁንና ማንፍሬድ ዶኒከ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ናሙናዎቹን ወስዶ በአዲስ ዘዴ ሲመረምራቸው፣ በአንድ አምስተኛው ገደማ ውስጥ ቴስቶስትሮን ከተፈጥሮው ልክ በላይ አገኘ።

ከዚያ ወዲያ እንደገና ጠፋን። በ1984 ከሶቪየቶች ጋር አብረን ሎስ አንጀለስን ተውን። በዚያ የቀረነው የገዛ ርቀታችን በሆነው በ10,000 ሜትር ሌላው ፊንላንዳዊ ማርቲ ቫይኒዮ ሁለተኛ ወጥቶ ብሩን ሊወስድ ሲል ስቴሮይድ ተገኘበትና ተባረረ። ስቴሮይድ የጡንቻማዎች ነገር ብቻ ነው፣ ቀጫጭን ሯጭ ምን ያደርግለታል ለሚል ሰው ይህ በቂ መልስ ነው። ስቴሮይድ ሯጭን አያወፍረውም፤ ከከባድ ልምምድ ቶሎ እንዲያገግምና በነጋታው እንደገና እንዲሮጥ ያደርገዋል። በ1988 ደግሞ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወግነን ሴኡልን ቀረን። መስከረም 24 ቀን ቤን ጆንሰን 100 ሜትሩን በ9.79 ሮጦ ዓለምን ጉድ ካሰኘ ከሦስት ቀን በኋላ በስታኖዞሎል ተይዞ ሲመለስ፣ እኛ ወሬውን ሰሚዎች ነበርን።

ሦስት ኦሊምፒክ አመለጠን። የአንድ ትውልድ ሯጮች ዕድሜ በፖለቲካ ተበላ። በዚያው ሂሳብ ስቴሮይድ በስፖርቱ ላይ የነገሠባቸው ዓመታት አለፉን። ያመለጥነው በጎበዝነታችን አይደለም። አድማው፣ ድህነቱ፣ ገንዘቡን የሚይዝ ወኪል አለመኖሩ፣ የክኒኑ ዋጋ፣ እነዚህ ሁሉ ናቸው የጠበቁን። ጠባቂዎቻችን አንድ በአንድ ሲነሡ ምን እንደሚሆን ደግሞ 2016 አሳየን። በዚያ ዓመት የዓለም አትሌቲክስ ማኅበራት ፌዴሬሽን ቁጥጥራቸው አስጊ ነው ያላቸውን አምስት አገሮች ሲዘረዝር ኢትዮጵያን ከኬንያ፣ ከሞሮኮ፣ ከዩክሬንና ከቤላሩስ ጋር ጠራት። ዘጠኝ ሯጮች እየተመረመሩ መሆናቸውን የራሳችን ሰዎች አመኑ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሯጭ በኢፒኦ ምክንያት የሦስት ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ስሙን እዚህ መጥራት ለነገሩ የሚጨምረው የለም። ኃይሌ ገብረሥላሴ የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት የሆነው በዚያው ዓመት ኅዳር ውስጥ ነው። በታኅሣሥ ደግሞ ምሩፅ ይፍጠር ቶሮንቶ ውስጥ በስደት እንዳለ ዐረፈ። ፀረ አበረታች ቅመሞች የሚባል መሥሪያ ቤት በአገራችን የተቋቋመው ከዚህ ሁሉ ውርደት ማግሥት ነው።

ይህ ሁሉ ከመተማ ዮሐንስ ጋር ምን አገናኘው? መተማ ዮሐንስ ስሟን ያገኘችው በ1881 ዓ.ም. እዚያ ከወደቁት ከአፄ ዮሐንስ 4ኛ ነው እንጂ በስፖርት የምትታወቅ ከተማ አይደለችም። የእነ ደራርቱ አገር በቆጂ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትቀመጥ፣ መተማ 1,000 ሜትር እንኳ አትሞላም። ሯጭ የሚያበቅለው ቀዝቃዛና ስስ አየር እዚህ የለም። የቆላው ጎረምሳ የሚመኘው እግር ሳይሆን ትከሻ ነው፤ በሰሊጥ ወቅት ኩንታል የሚችል ትከሻ እንጀራ ነውና። እናም በከተማይቱ አንድ ግቢ ውስጥ የመኪና ቸርኬና ሲሚንቶ የተሞላ ጣሳ በዘንግ ላይ ሰክተው ብረት የሚገፉ ወጣቶች አገኘሁ። ስለ ስቴሮይድ በስልካቸው ብዙ አይተዋል። የሜዳሊያውን ታሪክ ስነግራቸው ብዙም አልመሰጣቸውም፤ ሜዳሊያ ምናቸው ነው? አንደኛው ግን እንዲህ ሲል ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ የእነ ኃይሌ ልብ ከሰው ልብ ይተልቃል ይባል የለ? ታዲያ በመርፌ የሚተልቀው ልብ ምን ክፋት አለው?»

ስለዚህ ጉዳይ ካነበብኩት ሁሉ ይህን ያህል የተስተካከለ ጥያቄ አላገኘሁም። የሯጭ ልብ መተለቁ እውነት ነው። ሄንሸን የተባለ ስዊድናዊ ሐኪም በ1899፣ ራጅ እንደ ልብ ባልነበረበት ዘመን፣ የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪዎችን ደረት በጣቱ እያንኳኳ ልባቸው ከሌላው ሰው እንደሚሰፋ ደርሶበታል። ነገር ግን የሯጭ ልብ የሚተልቀው እንደ ጎተራ ነው፤ ውስጡ ይሰፋል፣ ብዙ ደም ይይዛል፣ ግድግዳውም እንደ ልብ ይሳባል። በአንድ ምት ብዙ ስለሚረጭ ዕረፍት ላይ ሲሆን ምቱ ይዘገያል። ስቴሮይድ የሚያተልቀው ልብ ግን ግድግዳው ነው የሚወፍረው። ልብም ጡንቻ ነውና መድኃኒቱ የክንዱን ጡንቻ ለይቶ የልቡን አይተውለትም። የወፈረው ግድግዳ ይደርቃል፤ በውስጡ እንደ ጠባሳ ያለ ነገር ይበቅልበታል፤ በምቶቹ መካከል ተዝናንቶ ደም መሙላት ያቅተዋል። ልብን የሚያስመታው የኤሌክትሪክ መልእክት ጠባሳው ላይ ሲደርስ መንገድ ይስታል። በሃያና በሠላሳ ዓመታቸው ብረት እየገፉ ድንገት ወድቀው የሚቀሩ ሰዎች ሬሳ ሲመረመር ሐኪሞች በተደጋጋሚ የሚያገኙት ይህን ዓይነት ልብ ነው።

ቧንቧውስ? ደም ውስጥ ቅባት ተሸክመው የሚዞሩ ሁለት ዓይነት ጫኞች አሉ። አንዱ ቅባቱን እየለቀመ ወደ ጉበት የሚመልስ ነው፤ ሐኪሞች ጥሩው ኮሌስትሮል ይሉታል። ሌላው በቧንቧው ግድግዳ ላይ የሚያራግፍ ነው። ቤን ጆንሰን በተያዘ በዓመቱ፣ በ1989፣ አሜሪካ ውስጥ 11 ክብደት አንሺዎች ያንኑ ስታኖዞሎልን ለ6 ሳምንት በክኒን ወሰዱ። ጥሩው ኮሌስትሮል በ33 በመቶ ወረደ፣ መጥፎው በ29 በመቶ ወጣ። በ6 ሳምንት! ሥጋ በልቶ፣ ጮማ ቆርጦ እንዲህ ያለ ለውጥ የሚያመጣ ሰው የለም። ይህ ዓመታት ሲደጋገም የልብን የራሱን ደም ወሳጅ ቧንቧዎች ከውስጥ ያጠባቸዋል።

በዚህ ላይ ስቴሮይድ መቅኔን እየገፋፋ ቀይ የደም ሕዋስ ያበዛል፤ ደም ይወፍራል፣ ለመርጋት ይፈጥናል፣ ግፊት ይጨምራል። ሯጮችን ያሳሰረው ኢፒኦም በሌላ በር ገብቶ የሚሠራው ይህንኑ ደም ማወፈር ነው። እንግዲህ የመተማን ሚያዝያ አስቡት። ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲደርስ ኩንታል የተሸከመ ሰው በላብ የሚያጣው ውሃ ከደሙ የሚወጣ ነው። ቀድሞውን የወፈረ ደም ውሃው ሲቀንስበት ይበልጥ ይወፍራል። ደጋ ላይ በቀዝቃዛ አዳራሽ ብረት የሚገፋ ሰውና ቆላ ላይ የሚሸከም ሰው አንድ መርፌ ቢወጉ፣ ለቆላው ሰው ልብ ሥራው የበለጠ ከባድ ነው።

የፊንላንዶች ነገር እዚህም ተመልሶ ይመጣል። በዚያች አገር ከ1977 እስከ 1982 በኃይል ማንሣት ውድድር ከአንደኛ እስከ አምስተኛ የወጡ፣ ስቴሮይድ እንደወሰዱ የሚጠረጠሩ 62 ሰዎችን ተመራማሪዎች ለ12 ዓመት ተከታተሏቸው። ጉልበታሞች፣ ገና ወጣቶች ነበሩ። 8ቱ ሞቱ፤ ይህም 12.9 በመቶ ማለት ነው። በዕድሜ ከሚመስሏቸው ሌሎች ሰዎች ግን በዚያው ጊዜ የሞቱት 3.1 በመቶ ነበሩ። ከ8ቱ ሦስቱን የገደላቸው ድንገተኛ የልብ ሕመም ሲሆን፣ ሦስቱ ደግሞ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። መድኃኒቱን ሲያቋርጡት በሰው ላይ ስለሚወርደው ጨለማ ሌላ ጊዜ መጻፍ ይገባል።

ለጠያቂዬ በመጨረሻ የነገርኩት በ2017 የታተመውን የአሜሪካኖቹን ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ 140 ብረት ገፊዎችን ሰበሰቡ፤ 86ቱ ስቴሮይድ የወሰዱ፣ 54ቱ ያልወሰዱ። ጤነኛ ልብ ሲመታ ከያዘው ደም ከግማሽ በላዩን ይረጫል። ያልወሰዱት በአማካይ 63 በመቶውን ሲረጩ፣ የወሰዱት 52 ብቻ ነበር። ከወሰዱት መካከል ምርመራው ሲደረግ በመውሰድ ላይ የነበሩት 49፣ ያቋረጡት ደግሞ 58 ሆነው ተገኙ። የልቡ ኃይል እንግዲህ ሲተዉት በመጠኑ ይመለሳል ማለት ነው። በቧንቧው ላይ የተጋገረው ቅባት ግን በዕድሜ ዘመናቸው ከወሰዱት መጠን ጋር አብሮ ሲጨምር ታየ፤ ብዙ ዓመት የወሰደ ብዙ ተጋግሮበታል።

ልጁ ቁጥሮቹን በጥሞና ሰማኝ። እኔም መርፌውን ወግቶ እንደሆነ ለመጠየቅ አላስቻለኝምና፣ «ለመሆኑ ግፊትህን ተለክተህ ታውቃለህ?» አልኩት።

«ኧረ ጋሼ፣ ሽማግሌ ነኝ እንዴ?» አለና ወደ ቸርኬው ተመለሰ።